የብሩን ቆዳ አምጡ

ታናሽ ወንድሜ ባዩ ባንክን ዋስ ያስጠራ ሰው ነው። ባንክ ሰውን ዋስ ጥራ ሲል ነው እንጂ ሰው ባንክን ዋስ ጥራ ሲለው ሰምታችሁ አታውቁም፤ እኔም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ነገሩ የሆነው ግን እዚሁ አርብ ገበያ፣ ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ካለው ባንክ ውስጥ ነው። ውሸት የመሰለው ሻዩን ይጠጣና ይሂድ፤ እኔ አሰለፈች ሰው ለምኜ አላወራም።

ባዩ ሲፈጠር ጀምሮ ስጉ ነው። ስጉ ስል ከጅብ የሚሸሽ ማለቴ አይደለም፤ ጅቡንስ በዱላ ያባርረዋል። የሚፈራው ገና ያልመጣውን ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ለእሱ በረዶ ይታየዋል። ሰርግ ቤት ሲገባ ዳሱ ቢወድቅ በየት በኩል እንደሚወጣ ሳያይ አይቀመጥም። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እኔን ሲያጨኝ እንኳ እንደሚገዛ በሬ ጥርሴን አይቶ ነው ትል ነበር። የምትቀልድ ይመስለን ነበር፤ ኋላ እሱን ስጠይቀው ግን አልካደም።

ይህን ጠባይ ያመጣበት የአባታችን ነገር ነው። አባታችን በጎቹን ሁሉ አንድ ጋራ ላይ አሰማርቶ ሲኖር አንድ ክረምት በሽታ ገባና በረቱን ባዶ አስቀረው። ከዚያ ወዲያ ባዩ ሁለት በግ አንድ ቦታ ላያሳድር ምሎ ተገዘተ፤ በግ ሲኖረው ለየሰው በርቢ ይሰጣል። ርቢ ማለት እንግዲህ በጉ የባለቤቱ፣ ጥበቃው የያዡ፣ ግልገሉ ደግሞ የሁለቱም እኩል ነው። ባዩ አንዷን በግ ስማዳ ወገዳ አጠገብ፣ አንዷን እስቴ፣ አንዷን ላይ ጋይንት እያለ ይበትናቸዋል። ቆላው ቢታመም ደጋው ይተርፍልኛል ይላል። ዘመድ የሚጠይቅ ይመስል ዓመቱን ሙሉ በጎቹን ሲጠይቅ ይዞራል፤ እኔን ግን ታምሜ እንኳ በሦስተኛው ቀን ነው የመጣው።

የርቢ አሰጣጡም ሥርዓት አለው። ያዡ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ በሽማግሌ ፊት ይምላል። በጉ የሞተ እንደሆነ ቆዳው ይመጣል። ቆዳ ከሌለ ሞተብኝ ማለት የለም፤ ወይ ሸጠኸዋል ወይ በልተኸዋል ተብሎ ዋጋው ይከፈላል። ይቺን ቆዳ የምትባል ነገር ያዙልኝ፣ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

የባዩ ልጅ ህይወት እናቷ በሞተች በዓመቱ ወደ ሪያድ ሄደች። አንድ ልጁ ናት፤ ሌላ የለውም። ሐሳቧ ሰው ቤት እየሠራች ገንዘብ አጠራቅማ፣ ተመልሳ በመንደራችን፣ ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ማዶ፣ የእህል ወፍጮ መትከል ነበር። ሴቶቹ እህል ተሸክመው ለዱቄት ብለው እዚህ ድረስ ሲንገላቱ ማየት አንገፍግፏት ነበር። ለሞተሩ የሚበቃው ሲሞላ በማግስቱ እመጣለሁ፣ ካልሞላ ግን ውሌን እያደስሁ እቆያለሁ ብላ ነው የሄደችው። እንግዲህ የምትልከው ገንዘብ ለባዩ ገንዘብ አልነበረም፤ ልጁ ወደ ቤቷ የምትመለስበት መንገድ ነበር። የሚጠብቀው እሱን ነው፤ ይህን ካላወቃችሁ ወንድሜን እብድ ነው ትሉታላችሁ።

የመጀመሪያዋን ሪያል ልትልክ ስትል ባዩ እንቅልፍ አጣ። ያን ጊዜ ከባንኩ አስበልጬ እመነዝራለሁ የሚል አንድ ሰው ከተማው ውስጥ ነበር። ልጅህ እዚያ ሪያሉን ለእኔ ሰው ትስጥ፣ እኔ እዚህ ብሩን በእጅህ አስይዝሃለሁ ይላል፤ ስንቱ ወላጅ እየሄደ ይመነዝር ነበር። ባዩ ሄዶ ስለ ዋጋው አንድም ነገር አልጠየቀውም። የጠየቀው በሬ እንዳለው ነው። የለኝም አለ። መሬትስ? የለኝም። ሚስትስ? ገና ነኝ። ባዩ ተነስቶ ወጣ። ይህ ሰው አንድ ሌሊት ቢጠፋ ከኋላው የምትቀር አንዲት ዶሮ እንኳ የለችውም፣ ምኑን ይዤ ልፈልገው ነው አለኝ። እኔ ተሳደብሁ፤ ይህን ሁሉ ጭማሪ ትተህ ብዬ። ሰውየው ዓመት ሳይሞላ ስልኩን ዘግቶ፣ የስንቱን አንጀት አሳርሮ ጠፋ። ባዩ ይህን ሲሰማ ሻይ ቤቴ መጥቶ ሁለት ሻይ በነፃ ጠጣና ሄደ።

እንግዲህ ባንኩ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ አዳሙ ከደብረ ታቦር የመጣ ልጅ እግር ነው፤ እኔ ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር፣ ምሳውንም እኔ ጋ የሚበላ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ። አለቆቹ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ወደ ባንኩ አምጣ እያሉ ቁም ስቅሉን ያሳዩታል። ስለዚህ ባዩ ሪያል ሊያስልክ መጣ ሲባል ብድግ ብሎ ተቀበለው፤ ወንበር ሳበለት፣ ለስላሳ አስመጣለት። ባዩ ለስላሳውን እስከ መጨረሻው ጠጣና አፉን ጠረገ።

"መልካም" አለ፤ "አሁን ዋሳችሁን ጥሩ።"

አዳሙ ሰውየው ብድር የፈለገ መስሎት፣ ዋስ የሚያስፈልገው ለተበዳሪ እንደሆነ አስረዳ። ባዩም እኔስ ምን አልሁ፣ ገንዘቡ የእኔ፣ ያዡ እናንተ፣ ተበዳሪው እናንተ አይደላችሁም ወይ አለው። አዳሙ የመንግሥትን ስም ጠራ። ባዩ መንግሥትን አልንቅም፣ ግን የቸገረኝ ቀን የቱ ቤት ሄጄ በር ልምታ አለ። አዳሙ የባንክ ተቀማጭ ዋስትና የሚባል ሕግ እንዳለ ነገረው፤ ሪስክ ምን እንደሆነ፣ ሪስክን ማከፋፈል ምን እንደሆነ ዩኒቨርሲቲ የተማረውን ሁሉ አወራለት። ባዩ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማና የዋሱን ስም ደግሞ ጠየቀ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደረሰ። እኔ ከማዶ ሆኜ ስሰማ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁ፤ ወንድሟ ነው እኮ ይሉኛል።

ሪያሉ ከአዳሙ እጅ ሊያመልጥ ሆነ። ምን ያድርግ? በቃ እኔ ዋስ እሆናለሁ አለ። እንደ ዋዛ ነበር ያላት። ባዩ ግን ዋዛ የሚባል ነገር አያውቅም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ልሔም ድረስ ወስዶ፣ ሽማግሌ ከሚቀመጥበት ወይራ ሥር፣ የኔታ ታፈረ ፊት አቆመው። የኔታ የድጓ መምህር ናቸው፤ ከድጓው ቀጥሎ የሚያውቁት የሰው ጠብ ነው፣ አገሩን ሲያስታርቁ ነው ጢማቸው የሸበተ። አዳሙ ከረባቱን እንዳሰረ፣ ገንዘቡን እንደ በግ ሊያስጠብቅ፣ የሞተ እንደሆነም ቆዳውን ሊያመጣ ማለ። ማታ እየሳቀ ነገረኝ። ወንድሜን የማያውቅ ሰው ነው የሚስቅ አልሁ በሆዴ።

ከዚያ ወዲያ ባዩ በየአርቡ ለገበያ ሲመጣ ባንኩ ጎራ ይላል። ብር አያወጣም፣ አያስገባም፤ ደህና ሰነበተ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዳሙ ኮምፒውተሩን ያዞርለታል። ባዩ ቁጥሩን ትክ ብሎ ያየዋል፣ ጎንበስ ብሎ ከጎኑም ያየዋል፣ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። የርቢ ባለቤት ለጉብኝት ሲሄድ ለበጎቹ ጨው መያዝ ወግ ነው። ለኮምፒውተር ጨው አይሰጥም፣ ስለዚህ ባዩ ለሠራተኞቹ የገብስ ቆሎ ይዞ ይመጣል፤ ጠባቂው ከራበው ገንዘቡን ይዘነጋል ብሎ ነው። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ጥርሷ እስኪያማት ቆረጠመች። ወለድ ሲገባ ግልገል መጣ ይላል፤ ለምን እኩል እንደማንካፈል ግን ይህ ልጅ አላስረዳኝም እያለ ለእኔ ያማርራል።

እንዲያ እንዲያ ሲባል፣ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት፣ ባንኩም ሲዘጋ ሲከፈት፣ ገንዘቡ ለሞተሩ በቃ። ህይወት ደወለችና፣ ውሌ መስከረም ላይ ያልቃል፣ አላድስም፣ እመጣለሁ አለች። ባዩ ገና በሰኔ ቤቱን ማስመረግ ጀመረ። በዝናብ ግድግዳ የሚያስመርግ ሰው አይታችኋል? ጭቃው እየወረደ፣ እሱ እንደገና እያስለጠፈ ሰኔን ጨረሰ።

በሐምሌ መንግሥት የዶላሩን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። ሬዲዮው ያወራ ነበር፣ ባዩም ይሰማ ነበር፤ ዶላር የለኝ፣ ምን አገባኝ ብሎ ጭቃውን ይለጥፋል። ኋላ ለሞተሩ ቀብድ ልላክ ብሎ ባሕር ዳር ነጋዴው ጋ ደወለ። ዋጋው እጥፍ ሆኗል። ሞተሩ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ የሚገዛውም በዶላር ነው፤ ዶላሩ ሲወደድ እሱም ተወደደ። ባዩ ስልኩን እንደያዘ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አለ አሉ።

በዚያው አርብ ባንክ ገባ። ኮምፒውተሩን አየ። ቁጥሩ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም በግልገሉ ጨምሯል። ታዲያ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። አዳሙ ላቡ ጠብ እስኪል አስረዳው፤ ብሩ አልጎደለም፣ ግን ድሮ የሚገዛውን ዶላር አሁን ግማሹን ነው የሚገዛ አለው። ባዩ ትንሽ አሰበና፣ ግማሹ ሞተ በለኛ አለ። አዳሙ ደክሞት ነው መሰለኝ፣ እንደዚያ ማለትም ይቻላል አለ። አይ ልጄ! ምን አፍህን አስከፈተህ?

"መልካም" አለ ባዩ። "ቆዳውን አምጣ።"

ከተማው ሳቀ። ገበያተኛው ወሬውን ይዞት ሄደና በሳምንቱ እስከ ስማዳ ደረሰ። ባንክ የሚገባ ሰው ሁሉ ቆዳ ልታመጣ ነው ወይ ይባል ጀመር። አለቆቹ እንኳ ከደብረ ታቦር ደውለው፣ ቆዳ የጠየቀው ደንበኛ ማነው ብለው አዳሙን አሳፈሩት። ባዩ ግን መሳቂያ አንጀት አልነበረውም። ካልሞላ ውሌን አድሳለሁ ማለቷን ያውቃል፤ ውሉ ሲታደስ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ የሞተሩን ዋጋ ለህይወት አልነገራትም። በደወለች ቁጥር ስለ ዝናቡ ያወራላታል፤ የዚያን ክረምት ዝናብ ያህል የተወራለት ዝናብ የለም።

ነሐሴ ሲጋመስ አዳሙን ወይራው ሥር አስጠራው። አዳሙ ሊቀር ይችል ነበር፤ ግን የማለ ሰው ነዋ፣ ደግሞም ምሳ የሚበላው እኔ ጋ ነው። እኔም አብሬ ሄድሁ፤ ወንድሜን በሽማግሌ ፊት ልክ ላስገባው ቆርጬ ነበር። ባዩ ጋቢውን አስተካክሎ ቆመና ጉዳዩን አሰማ። በጌን ሰጥቻለሁ፣ ይህ ልጅ ዋስ ሆኗል፣ ግማሹ ሞተ ብሎኛል፣ ቆዳ አላመጣም አለ። አዳሙ በተራው ስለ ዓለም ገበያ፣ ስለ ዶላር እጥረት፣ ስለ ምንዛሬ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ሰሙት፤ ሁለቱ አንቀላፉ።

የኔታ ታፈረ ወደ ባዩ ዞሩ። "ልጄ ባዩ፣ ለመሆኑ አንተ የሞተብህ ምንድን ነው?"

ባዩ ከንፈሩን ነከሰ። "የልጄ ሁለት ዓመት ነው፣ የኔታ።"

ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። ያንቀላፉት ነቁ። እኔ ልቆጣ የሄድሁት ሆዴ ባባ፤ ሚስቱን ሲቀብር እንኳ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገር አልሰማሁትም። አዳሙ መሬት መሬቱን ያያል።

የኔታ ፈረዱ። በጉ አልሞተም አሉ፤ ቁጥሩ እንዳለ ነው፣ ግን ከስቷል። አገሩ ሁሉ በከሳበት ዘመን አንዱ በግ ቢከሳ ቆዳ አይጠየቅበትም። ያዥ ግን የተሻለ ግጦሽ ካለ ወደዚያ መንዳት አለበት፣ አለ ወይ ብለው አዳሙን ጠየቁት። አዳሙም አዎ፣ ከእንግዲህ ከውጭ የሚላክላችሁ በውጭ ገንዘብነቱ እንዳለ የሚቀመጥበት ሂሳብ አሁን ተፈቅዷል አለ። ባዩ ዛሬ ነው የምትነግረኝ ብሎ ዱላውን መሬት ላይ መታ። አዳሙ የተፈቀደው ገና አሁን ነው ብሎ ማለ፤ መማልን ለምዶ ነበር። ከዚያ የኔታ አንድ ፍርድ ጨመሩ። የከሳውን በግ ለባለቤቱ ማሳየት የዋሱ ግዴታ ነው፤ የዚህ ገንዘብ ባለቤት ደግሞ ባዩ ሳይሆን ልጅቱ ናት። ስለዚህ ይደወልላትና አዳሙ ራሱ ይንገራት አሉ።

ባዩ ይህን አልጠበቀም። ስልኩን ከጋቢው ውስጥ ሊሸሽግ ሲል እኔ ነጠቅሁት። ኔትወርኩ የሚገኘው ትልቁ ድንጋይ ላይ ብቻ ስለሆነ አዳሙ በከረባቱ ወደዚያ ወጣ፣ ሽማግሌው ሁሉ ዙሪያውን ቆመ። ስፒከሩን ከፈተው። እየተንተባተበ፣ ብሩ አለ ግን ከስቷል፣ ሞተሩ እጥፍ ሆኗል ብሎ ነገራት። ህይወት እስኪጨርስ ሰማችውና፣ አባባ ቆዳውን ጠየቃችሁ ወይ አለች። እንዴታ፣ ጠይቋል አልናት። ሳቋን እናንተ በሰማችሁት።

ከዚያ አባቷን አቅርቡልኝ አለች። የሞተሩን ዋጋ ከሰማች ሰንብታለች ለካ፤ እሱ ስለ ዝናብ ሲያወራላት እሷም ስለ ሙቀት ታወራለት ኖሯል። ነገሩ ሌላ ነበር። ደሞዟን ሁሉ አትልክም ነበር፤ ከየወሩ የተወሰነውን እዚያው በሪያል፣ በራሷ ስም ታስቀር ነበር። ብሩ ሲከሳ ያ ሪያል በብር ሲታይ ደለበ። ሁለቱ ሲገናኙ ሞተሩን ይገዛሉ። ስለዚህ ውሉን አላድስም፣ እመጣለሁ አለች።

እኔ እልል ልል አፌን ከፍቼ ባዩን አየሁት። ፊቱ ጠቁሯል። ከእኔ ደብቀሽ ነው አለ፤ የገዛ አባትሽን ሳታምኚ።

"አባባ" አለች ህይወት፣ "ባንኩን ዋስ አስጠርተሃል። እኔ ስልክልህ አንተ ዋስ ጠራህልኝ?"

ወይራው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የኔታም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ አዳሙ ከድንጋዩ ላይ ከመውደቅ ለትንሽ ተረፈ። ባዩ ብቻ ቆሞ ቀረ። ሰማዩንም ዳሱንም ባንኩንም ሲጠረጥር ኖሮ፣ እሱም የሚጠረጠር ሰው መሆኑ በሐሳቡ አልፎ አያውቅም ነበር።

ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። በአርቡ ሻይ ቤቴ መጣና ባርኔጣውን አውልቆ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ፣ አልጠጣውም። ሰው ቀለል ሲል ጠራኝና ዋስ ሁኚኝ አለኝ። ለማን አልሁት። ለልጄ አለ። ይህን ሁሉ ዘመን ቆሽቴን ሲያሳርር የኖረ ሰው እጄ ላይ ወደቀ፤ ዝም ብዬ እሺ ልበለው እንዴ? በሬ አለህ ወይ አልሁት። አለኝ አለ። መሬትስ? አለኝ። ሚስትስ ልል ነበር፣ ተውሁት። እሺ አልሁ። እሱ ግን እሺ አይበቃውም፤ እሑድ ወይራው ሥር ወስዶ አስማለኝ። ወንድሜ የልጁን ገንዘብ ቢያጠፋ ከፋይዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ያስቀረችው ሪያል መጥቶ በአዲሱ ሂሳብ ከገባ ጀምሮ በየአርቡ ባንኩን ሲጎበኝ አብሬው እሄዳለሁ፤ አሁን ኮምፒውተሩን ከጎን የምናየው ሁለት ነን።

ህይወት በጥቅምት መጣች። ባዩ ከንጋት ጀምሮ መናኸሪያው ላይ ነበር፤ አውቶቡሱ ቢቀር በሌላ ብትመጣ ብሎ የሚኒባሶቹንም ሹፌሮች ስም ይዟል። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ አዳሙም ከሥራው ወጥቶ የገብስ ቆሎ ይዞ መጥቷል። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ገባ። ህይወት ወረደች። የሄደችው ሙሉ ፊት ያላት ልጅ ነበረች። አሁን ጉንጯ ገብቷል፣ አንገቷ ቀጥኗል፣ እጇ ከቤት ማጽጃው ብዛት ተላልጧል። ባዩ ሊስማት ተራምዶ ቀጥ አለ። ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። ከሰው አገር በሣጥን የመጡ የጎረቤት ልጆች አሉ፤ በዚያች ሰዓት ማንን እንዳሰበ እኔም አውቄያለሁ፣ እሷም አውቃለች።

"ከሳሁ እንጂ አልሞትሁም፣ አባባ" አለች። "ቆዳ የሚያመጣልህ የለም፤ ራሴ መጥቻለሁ።"

ባዩ አቅፏት መናኸሪያው መሐል እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ፤ አዳሙ ቆሎውን ወዲያና ወዲህ ያገላብጣል። ከዚያ ባዩ ዓይኑን በጋቢው ጠረገና ሻንጣዎቿን አየ። ትልቁን ለእኔ ሰጠ፣ ሁለተኛውን ለአዳሙ፣ ትንሿን ራሱ ተሸከመ። ሁሉ በአንድ መንገድ አይሂድ አለን። እኔ በገበያው በኩል፣ አዳሙ በባንኩ በኩል፣ አባትና ልጅ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞረን ሻይ ቤቴ ተገናኘን።